በማይክ ያፈንኳት ሙሽራ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ዘንድ የማልናዘዘው ነገር የለኝም፤ በዐቢይ ጾም ቅቤ የነካው ማንኪያ መላሴን፣ ጎረቤቴ አዲስ ሶፋ ስታስገባ በሆዴ "ትኋን ይፍላበት" ማለቴን፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ስለ ዶሮ ወጥ ማሰቤን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ይህኛው ጋ ስደርስ ግን ወደ ሌላ ኃጢአት እዘላለሁ። ምን ብዬ ልጀምርላቸው? "አባ፣ አንዲት የህንድ ሙሽራ አፍኛለሁ" ብላቸው፣ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሬሳዋን የት እንደጣልኩት ነው።

ሬሳ የለም። አፈንኳት ስል አንገቷን አይደለም፣ ንግግሯን ነው። እኔ ነኝ ያፈንኳት። ማይክ በእጄ ይዤ፣ ቤት ሙሉ ሰው እያየኝ፣ እየሳቅኩ አፈንኳት። ጦሱ ደግሞ ለእሷ አይደለም የተረፈው፤ እሷማ ፊልም ላይ ናት፣ ምን ትሆናለች? ጦሱ የተረፈው ለእህቴ ለብርቄ ነው።

እንግዲህ እናንተ የንስሐ አባቴ ሁኑና ስሙኝ። ቀኖናውን ኋላ ትሰጡኛላችሁ። ስግደት ከሆነ ግን ጉልበቴን ያመኛል፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው። ቤታችን ከብስራተ ገብርኤል ወረድ ብሎ፣ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ነበር። አሁን እኔ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ የምኖርበት ጀሞ ያኔ ሽንብራ የሚዘራበት ማሳ ነው። ከዚያ ወገን እሁድ እሁድ የሚመጡ ጎረምሶች የጫማቸውን ጭቃ በር ላይ አራግፈው ነበር ወደ ጋሽ ድንቁ ቪዲዮ ቤት የሚገቡት።

ቪዲዮ ቤት ላላያችሁ፣ የቆርቆሮ አዳራሽ ማለት ነው። የጣውላ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል፤ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተጋርዷል፤ ከፊት ከፍ ብሎ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻው ዴክ፣ ከዴኩ ጎን ማይክ የያዘ አስተርጓሚ። ፊልሙ የህንድ ነው። ሰዉ ህንድኛ አይችልም፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። አስተርጓሚውም ህንድኛ አይችልም። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም።

እኔ በር ላይ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። አንድ እሁድ የነበረው አስተርጓሚ የታክሲ ረዳትነት አግኝቶ በዚያው ቀረ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ሰው ያፏጫል። ጋሽ ድንቁ ላብ በላብ ሆኖ መጣና "አንቺ፣ ምላስሽ መቼም አያርፍም፤ ዛሬ ይጥቀመን፣ ነይ ያዥው" ብሎ ማይኩን ሰጠኝ። ያዝኩት። አክተሩን በወፍራም ድምፅ፣ ሌባውን በአፍንጫዬ፣ ፖሊሱን እንደ ሰፈራችን የቀበሌ ሊቀመንበር እየተኮሳተርኩ አስተረጎምኩ። አቤት ሳቅ! አቤት ጭብጨባ! ከዚያን ቀን ወዲያ ትኬት ቆርጬ አላውቅም። ስሜም ተረሳ፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ "ህንዷ" ይለኝ ጀመር።

ልብ በሉ፤ ወንዱን "አክተሩ" እንለዋለን። ሴቷን ግን ማንም ስም አውጥቶላት አያውቅም። "የአክተሩ ሴትዮ" ናት፣ በቃ። እውነቱን ለመናገር ህንዶቹም ከእኛ አይሻሉም ነበር። እናትየው ዓይኗ ይጠፋና እህል ውሃ ሳትል ሦስት ሰዓት ታለቅሳለች። እህትየው የምትፈጠረው ለመጠለፍ ነው፤ እሷ ካልተጠለፈች አክተሩ አይናደድም፤ አክተሩ ካልተናደደ ድብድብ የለም። ኮረዳዋ ከተራራ ስትወርድ ስንት ቀሚስ እንደቀየረች ታያላችሁ እንጂ አንድ ቀን እንኳ ምን እንዳሰበች አትሰሙም። እኔም ሥራዬ ቀለለኝ። እናትየው ስታለቅስ "ልጄን!" እላለሁ። እህትየው ስትጮህ "ወንድም ጋሼ!" እላለሁ። ኮረዳዋ ምንም ትበል ምን "እሺ" ናት። በእነዚህ ሦስት ቃላት ስንቱን ፊልም ጨርሻለሁ!

ይህም የሚሆነው እንዲናገሩ ከፈቀድኩላቸው ነው። የህንድ ፊልም ረጅም ነው፤ ጋሽ ድንቁ ደግሞ በቀን ደጋግሞ ካላሳየ አያተርፍም። ዘፈን አይነካም፣ ድብድብ አይነካም። ታዲያ ምን ይነካ? "ሴቶቹ አፋቸውን ሲከፍቱ አሳልፊው" አለኝ። እኔም ጣቴን ዴኩ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ ሴት አፏን ስትከፍት እጫናለሁ፤ አፏን እንደ ጥንቸል እያንቀጠቀጠች ታልፋለች። አንድ ቀን ብርቄ "ያቺ እናት ያን ያህል ተናግራ 'ልጄን' ብቻ ነው ያለችው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ህንድኛ ረጅም ነው፣ አማርኛ አጭር ነው" አልኳት። አመነችኝ። እህቴ እኔን ማመን አንድ ጥፋቷ ነው።

ብርቄ ታላቄ ናት። እናታችን ካረፈች ወዲህ ጸጉሬን እየጎነጎነች፣ ዩኒፎርሜን እያጠበች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቀን ላፍቶ ባለች አንዲት ስፌት ቤት ኮሌታ ትሰፋለች፣ ማታ ማታ ትማራለች፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳ ነበር። አሥራ ሁለተኛን መጨረስ የዕለት ጸሎቷ ነው። ስትሰፋ ትንሿን የእንግሊዝኛ ደብተሯን መኪናው ሥር ታደርግና ክር ባለቀ ቁጥር ታያለች። ታዲያ ይህቺ ልጅ በአባባ ፊት ስትቆም ድምፅ የላትም። ከ"እሺ" ሌላ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አባባ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነበሩ፤ ቤትም ንብረት ክፍል ነው። ሲገቡ እንነሳለን፣ ሲቀመጡ ዝም እንላለን። "ዝም አይነቅዝም" ይሉናል። ለብርቄ ምክር ሆኗት አደገች፤ እኔ ጋ ሲደርስ ግን ምክሩ አልቆ ነበር መሰለኝ።

አባባ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። በጣም ደስ ካላቸው "ደግ" ይላሉ። እናታችን ሳለች አንዴ ስቀዋል አሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም።

በዚያ ዓመት ሽማግሌ መጣ። ሰውዬው አቶ ግዛው ይባላሉ፤ የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ በዕድሜ ከአባባ ትንሽ ነው የሚያንሱት። ብርቄን ያዩዋት ዘመድ ሊጠይቁ መጥተው ገብርኤል ንግሥ ላይ ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፣ እግዜር ይመስገን አይጠጡም አይማቱም። ግን ብርቄ አልፈለገቻቸውም። መቂ መሄድ አልፈለገችም። ትምህርቷን ትታ የሽንኩርት ጆንያ መቁጠር አልፈለገችም። አባባ በደስታ ሊፈነዱ ነው፤ ግን ወግ ነውና ሽማግሎቹን "ዘመድ ላማክር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ ተመለሱ" ብለው ሸኟቸው። የሚያማክሩት ዘመድ የለም። ብርቄን ማማከርማ ጭራሽ ትዝም አላላቸው።

ብርቄ ተሰቃየች። ልትነግራቸው ትነሳለች፣ በሩ ጋ ትደርሳለች፣ "ውሃ ላምጣልዎት?" ብላ ትመለሳለች። በዚያ ሳምንት አባባ የጠጡትን ውሃ እኔ ነኝ የማውቀው። "አንቺ ንገሪልኝ" እንዳትለኝ፣ የእኔን ወሬ አባባ ከዝናብ ድምፅ ለይተው አይሰሙትም።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣላት። ስፌት ቤት አብራት የምትሠራ ልጅ ከተማ ሲኒማ ቤት ያየችውን አንድ የህንድ ፊልም አውርታላታለች። ልጅቷም ያየችው ያለ አስተርጓሚ ነው። "አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ቀን አባቷ ፊት ቆማ ትናገራለች፤ ምን እንደምትል አላውቅም ግን ትናገራለች፣ አባትየው ያለቅሳል፣ እኛም አለቀስን" አለቻት። ብርቄ ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች። ፊልሙን ጋሽ ድንቁ እንዲያስመጣ አደረገች፤ ከዚያ ማይክ ይዤ ቢያዩኝ አንቀው ሊገድሉኝ እንደሚችሉ ሳትፈራ አባባን ፊልም ጋበዘቻቸው! "ስለ አባትና ልጅ ነው፣ ትምህርት አለው ይላሉ" አለቻቸው። አባባ "ትምህርት ካለው ደግ" አሉ።

ገባችሁ? እሷ መናገር ስለማትችል ያቺ ህንድ እንድትናገርላት ነው። ህንዷ ደግሞ አማርኛ ስለማትችል እኔ እንድናገርላት ነው። ቅዳሜ ምሽት እጄን ይዛ፣ "በእናታችን አፅም፣ ስታስተረጉሚ አንድ ቃል እንዳታስቀሪ፤ አደራ" አለችኝ። "አታስቢ" አልኳት። ማልኩላትም። እኔ፣ ይህቺ ምላሳም፣ በእናቴ ማልኩ።

ደግሞም ከልቤ ነበር። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ሳይወጣ ቪዲዮ ቤት ሄጄ ፊልሙን ብቻዬን አየሁት። ሙሽራዋ የሠርግ ልብሷን አልለበሰችም፣ አልተኳለችም። አባትየው ይገባል። ትናገራለች። ቋንቋውን አላውቅም፤ ግን ለማወቅ ህንድኛ አያስፈልግም። እያለቀሰች ትጀምራለች፣ እንባዋን ጠርጋ ትቀጥላለች፣ መጨረሻ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ዓይኑን እያየች "ናሂ" ትላለች። አባትየው ይቀመጣል፤ ያለቅሳል፤ ተነስቶ ውጭ የቆመውን ማርሽ ባንድ ያባርራል። በዚያ ሁሉ ፊልም ውስጥ ለሴት የተሰጠች ንግግር ያቺ ብቻ ናት። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ለእሷ የሚሆን አማርኛ አዘጋጀሁ፤ "አባቴ፣ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ግን የሚያገባኝ ሰው አብሮ የሚያረጀው ከእኔ ጋር ነው፣ ከእርስዎ ጋር አይደለም" የሚል፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚያስለቅስ ነገር። መስታወት ፊት ቆሜ ደጋገምኩት። በቃሌ ያዝኩት። ይኸው እስከዛሬ በቃሌ ነው።

አባባ ከቅዳሴ መልስ በነጠላቸው፣ በከዘራቸው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። ጎረምሳው ሁሉ ከአግዳሚው ተነሳላቸው። ጋሽ ድንቁ ከቤቱ ባለ መደገፊያ ወንበር አስመጥቶ ከፊት አስቀመጣቸውና "ዛሬ ምንም አታሳልፊ፣ ለአባትሽ ክብር ሙሉውን አሳዪ" ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። ብርቄ ከኋላቸው ተቀመጠች። እኔ ማይኩን ሳነሳ አባባ ዞረው አዩኝ። እስከዚያን ቀን ትኬት ቆራጭ ነበር የመሰልኳቸው።  መልሰው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ።

ዘፈን መጣ። ኮረዳዋ ወገቧን ስታሳይ አባባ ወንበራቸውን አዙረው ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ግድግዳው ላይ ምንም የለም፤ እሳቸው በጽሞና ያዩታል። ሲቆይባቸው "አለቀ?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላስበው በማይኩ "ገና ነው አባባ፣ ልብስ እየቀየረች ነው" አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ተቆጡ ብዬ ስደነግጥ የአባባ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

እየሳቁ ነበር። አባባ!

ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ሰከርኩ ልበላችሁ? ከዚያ በኋላ ለማንም አይደለም ያስተረጎምኩት፣ ለእሳቸው ነው። ፊልሙ ላይ ሁልጊዜ አርፍዶ የሚመጣ አንድ የፖሊስ አዛዥ አለ፤ ሲገባ "ይቅርታ፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ" አስባልኩት። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ ሳቁ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ወደ እኔ ዞሩ። ቴሌቪዥኑን ትተው እኔን ያዩ ጀመር፤ "ደግሞ ቀጥሎ ምን ትል ይሆን" የሚል ዓይን። አባቴ እንዲያ አይተውኝ አያውቁም። በዚያ ዓይን ስትታይ ያደገች ልጅ ካለች ምናልባት ትፈርድብኝ።

ሙሽራዋ መጣች። አልለበሰችም፣ አልተኳለችም። አባትየው ገባ። እንባዋ ወረደ። ከኋላ አንዱ "ኧረ ይህቺ ልታስለቅሰን ነው!" ሲል ሌላው "አሳልፊልን!" አለ። ብርቄን አየኋት። የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ እኔን ታያለች። አባባን አየኋቸው። እሳቸውም እኔን ያያሉ፤ ሳቁ ገና ከፊታቸው አልጠፋም።

አሁን ነው ኃጢአቱ። አፌን ከፈትኩ፤ "አባቴ፣ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት" ልል ነው። ይህን ብል አባባ ሳቃቸውን ይተዋሉ። ፊታቸው ተመልሶ ንብረት ክፍል ይሆናል። ይህን አሰብኩ። እና ምን አደረግኩ? እጄን ዘርግቼ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ አደረግኩ። ለምን ዝቅ አደረግኩ? "ናሂ" ማለት እምቢ ማለት እንደሆነ በዚያ አዳራሽ የማያውቅ ሰው ስላልነበረ ነዋ! ጎረምሶቹ እርስ በርሳቸው "ናሂ" እየተባባሉ ነው የሚጣሉት። ስለዚህ "ከልማድ ነው፣ ሳላስበው ነው" የምትለዋን ሰበብ ለራሴ እንኳ ልነግራት አልችልም። አስቤበታለሁ። እጄ ማዞሪያው ላይ ሳለ አስቤበታለሁ።

ሙሽራዋ ያለ ድምፅ ተናገረች። ተናገረች፣ ተናገረች፣ አለቀሰች፣ ጠረገች፣ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔ ዝም ብዬ ጠበቅኳት። አዳራሹም አብሮኝ ጠበቀ። ስትጨርስ ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ በቀጭን ድምፅ፣

"እሺ አባዬ፣ እርስዎ እንዳሉ" አልኩ።

ቆርቆሮው ሊነሳ ደረሰ። ያን ሁሉ ተናግራ እሺ! ሰው እርስ በርሱ ተደጋገፈ። አባባ ከሳቃቸው ብዛት ባርኔጣቸው ከጉልበታቸው ወደቀ። ፊልሙ ላይ አባትየው ሲያለቅስ "በደስታ ነው፣ ታዛዥ ልጅ ሰጠኸኝ እያለ ነው" አልኩና ባንዱን ሳያባርር ወደ ድብድቡ አሳለፍኩት። ብርቄ ብቻ አልሳቀችም። እኔን አላየችኝም። የሆነ የጠፋባት ነገር እዚያ ያለ ይመስል ቴሌቪዥኑን እያየች ቀረች።

የህንድ ጸሐፊዎች ሴቶቻቸውን አፍ አሳጥተዋል ብላችሁ ብትከሷቸው እመሰክርባቸዋለሁ። ግን እነሱ እንኳ በመጨረሻ አንዲት ንግግር ሰጥተዋት ነበር። ያችኑ የቀማኋት እኔ ነኝ። ሴት ሆኜ፣ ከሰፈሩ ማይክ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኜ፣ ማይኩን ይዤ ያደረግኩት ይህን ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ አባባ መንገዱን በሙሉ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ! ለፍልፋ ለፍልፋ መጨረሻዋ እሺ!" እያሉ ሳቁ። እኔን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አድርገው "አንቺ ጮሌ" አሉኝ። ቀን ሙሉ ስለዚያች "ጮሌ" ስደሰት ዋልኩ።

አሁን የሚመጣውን ስነግራችሁ ነው ከሁሉ የሚብሰኝ። በሚቀጥለው እሁድ ሽማግሎቹ መጥተው ተቀመጡ። አባባ "እሺ ሰጥቻለሁ" ይላሉ ብለን ስንጠብቅ፣ ብርቄን ጠርተው መሀል አቆሟትና "ለመሆኑ አንቺ ምን ትያለሽ ልጄ?" ብለው ጠየቋት።

ጠየቋት! ሽማግሎቹ ተያዩ። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ተጠይቃ አታውቅም። ከየት አመጡት? ከፊልሙ ነዋ፣ ሌላ ከየት ያመጣሉ? ህንዱ አባት ቆሞ ልጁን ሲሰማት አይተው ነው። የብርቄ ዘዴ ሠርቶ ነበር። አባባ ልባቸው ተከፍቶ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቱ የምትመልሰው ነገር። ያንን ደግሞ እኔ አስተምሬያታለሁ።

ብርቄ መሬት መሬት እያየች፣ "እርስዎ እንዳሉ" አለች። የራሴን ቃል። ድምፁ እንኳ የእኔ ነበር የመሰለኝ።

እልል ተባለ። እኔም እልል አልኩ፤ ምን ላድርግ? ብርቄ አሥራ አንደኛን ሳትጨርስ መቂ ወረደች።

አባባ ካረፉ ቆዩ፤ ነፍሳቸውን ይማር፤ ሳቃቸውን ካየሁ በኋላ ሞታቸው የባሰ ከበደኝ። ብርቄ ለተዝካራቸው ከመቂ መጥታ ማድቤት ተቀምጠን ሽንኩርት ስንከትፍ፣ ባሏ የጫኑላት ሽንኩርት ነው፣ እንዲህ አለችኝ።

"ያቺ የህንድ ሙሽራ ትዝ ትልሻለች?"

 "የቷ?" አልኩ፣ ውሸታም።

"ያቺ እሺ ያለችው። ውይ፣ ስንት ጊዜ አጽናንታኛለች መሰለሽ! መቂ ሲከፋኝ፣ ምነው ያኔ በተናገርኩ ኖሮ ስል፣ እሷን አስባታለሁ። ያን ያህል አልቅሳ፣ ያን ያህል ተናግራ፣ እሷ እንኳ ካልሆነላት እኔ ማን ነኝ? እላለሁ። ቀለል ይለኛል።"

አፌን ከፈትኩ። "ብርቄ፣ እምቢ ነው ያለችው" ማለት ነው፤ አራት ቃል። በቀን ስንት ሺህ ቃል ስደረድር የኖርኩ ሴት አራት ቃል አቃተኝ። ነግሬያት ምን ላደርጋት ነው? ዕድሜዋን ወስጄባት መጽናኛዋንም ልውሰድባት? ወይስ ይህም ሰበብ ነው? ሰበብ ይመስለኛል። ለእሷ አዝኜ ሳይሆን ፊቷን ፈርቼ ነው። እንባዬ መጣ፤ ደግነቱ ሽንኩርት እየከተፍን ስለነበር ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም።

ባለፈው ሰሞን ግን ቆረጥኩ። የመጣው ይምጣ፣ ትርገመኝ ከፈለገች ትርገመኝ፣ ሰው እውነቱን ሳያውቅ አይሞትም ብዬ በብርቄ ስልክ ደወልኩ። ያነሱት ጋሼ ግዛው ናቸው። አሁን አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ ስልክ ግን ለማንም አይሰጡም።

"ብርቄን ያቅርቡልኝ ጋሼ፣ አንድ የምነግራት ነገር አለኝ" አልኳቸው።

"ለኔ ንገሪኝ፣ እኔ በአጭሩ አስረዳታለሁ።"

"አይ፣ ለራሷ ነው።"

ስልኩን ሳይለቁ "ህንዷ ናት!" ብለው ተጣሩ። ከሩቅ የብርቄ ድምፅ መጣ። ቃሉ አይለይም፤ ግን ተናገረች። ብዙ ተናገረች። መሀል ላይ ቆማ እንደገና ቀጠለች። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ አንዲት ቃል ለመለየት ታገልኩ፣ አልቻልኩም።

"ምን አለች?" አልኳቸው።

"ሰላም ብላሻለች" አሉኝ።

ልቆጣቸው ነበር። ያን ሁሉ ተናግራ ሰላም ብቻ? ልላቸው ነበር። በየትኛው አፌ? ስልኩን ዘጋሁት። ብርቄ እስካሁን አልሰማችም፤ እኔም እሷ ምን እንዳለች አላወቅኩም። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም፤ እሷን ወክላችሁ "ይቅር ብላሻለች" ብትሉኝም አልቀበላችሁም።